«አንድ ሰው» «ሰውየው» ሲሆን

ቀድሞ የሚመጣብኝ ሽታው ነው። ሰበታ በነበረው የቆዳ ፋብሪካ የሠራሁበትን ጊዜ ባሰብኩ ቁጥር፣ የሰዎቹ ፊት ትዝ ሳይለኝ በፊት የተዘፈዘፈ ቆዳና የበሰበሰ ጸጉር ሽታ አፍንጫዬን ይመታዋል። ቤቴ ቡራዩ ስለነበር ከሥራ ስወጣ ታክሲ እየቀያየርኩ ነበር የምሄደው። አየር ጤና ላይ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ስቀመጥ አጠገቤ ያለው ሰው ምንም ሳይል መስኮቱን ይከፍታል። ረዳቱም አንዳንዴ «እህት፣ ከኋላ ሰፊ ቦታ አለ» ይለኛል። ያኔ የማፍረው በዚያ ሽታ ነበር። ሽታ ግን ይታጠባል።

ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በሥነ ልሳን ሁለተኛ ዲግሪ ይዤ ሁለት ዓመት ሥራ ፈትቼ ከተቀመጥኩ በኋላ ያገኘሁት የፋብሪካ ተርጓሚነት ነው። ቡራዩ ተወልጄ ስላደግኩ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል እናገራለሁ። ከመንግሥት ቢሮ በኦሮምኛ የሚመጣውን ደብዳቤ ወደ አማርኛ፣ የአስተዳደሩን መልስ ደግሞ ወደ ኦሮምኛ እመልሳለሁ። የኮንትራት ሠራተኛ ነበርኩ። ኮንትራቱ የሚታደስበት ሳምንት ደርሶ ነበር። ይህን የምነግራችሁ ሰበብ ፍለጋ አይደለም፤ ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ እንድታውቁ ነው።

የመመረቂያ ጽሑፌን ርዕስ የሰማ ሁሉ ይስቅ ነበር። ስም መጨረሻ ላይ ስለምትለጠፈው «ው» ነው የጻፍኩት። ሰው፣ ሰውየው። ውሻ፣ ውሻው። ጎጆ፣ ጎጆው። አባቴ «ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ አንዲት ፊደል?» ብሎ ለጎረቤት ያወራ ነበር። ነገሩ ግን ቀላል አይደለም። ሰው ታሪክ ሲያወራ በሰሚው ጭንቅላት ውስጥ ወንበር እየዘረጋ ነው። «አንድ ሰው መጣ» ብላችሁ አዲስ ወንበር ትዘረጋላችሁ። ማን እንደሆነ አታውቁም፤ ወንበሩ ግን አለ። ቀጥዬ «ሰውየው ተቀመጠ» ስላችሁ ሌላ ወንበር አትፈልጉም፣ ያንኑ ታያላችሁ። አሁን «አንድ ሰው» የሚለውን ዘልዬ በቀጥታ «ሰውየው» ብላችሁስ? ዝም ብላችሁ አታልፉም። እዚያ ቀድሞ ስሙ ከተነሳው ሰው አንዱን መርጣችሁ «ሰውየው እሱ ነው» ትላላችሁ። ማንም አላዘዛችሁም። ራሳችሁ ታደርጉታላችሁ፣ ማድረጋችሁም አይታወቃችሁም። መምህራኖቼ ፊት ቆሜ ይህን ሳስረዳ ሰዓቱ ማለቁን እንኳ አላየሁም ነበር።

ነገሩ የሆነው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ከፋብሪካው ጀርባ ቆሻሻ ውሃ የሚጠራቀምበት ጥልቅ ጉድጓድ አለ። ስብና ጸጉር ፓምፑን ሲደፍነው ማጽዳት ያስፈልጋል። ውስጡ የሚታፈን ጋዝ ሰው ስለሚገድል ያለ ጋዝ መለኪያ፣ ያለ ገመድና ያለ ጭምብል ማንም እንዳይወርድ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ዘለቀ የሚባል ወጣት ሠራተኛ ያለ ምንም ነገር ወረደ። በእግሩ አልወጣም።

ዘለቀና ጓደኛው ማርቆስ ከሆሳዕና አካባቢ ከአንድ ቀበሌ አብረው የመጡ ነበሩ። አለም ገና አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ፤ እሁድ እሁድ ቸርች አብረው ይዘምራሉ። ዘለቀን በገመድ ስበው ሲያወጡት በቢሮዬ መስኮት አየሁ። ጥቁር ዝቃጭ ከአፍንጫውና ከአፉ ይወርድ ነበር። ማርቆስ ሸሚዙን አውልቆ ፊቱን ይጠርግለታል፤ ይጠርግና ደግሞ ይፈስሳል፣ እንደገና ይጠርጋል።

በማግስቱ አጣሪ ኮሚቴ ተቀመጠ። ሰብሳቢው የምርት ክፍል ኃላፊው አቶ ፍሬው ነበር። ያኔ አንቱ እለው ነበር። አሁን በአንቱ ልጽፈው ብሞክርም እጄ እምቢ አለኝ።

ያየ አንድ ምስክር ብቻ ነበር፤ የጀርባውን በር የሚጠብቁት ኦቦ ደበላ። ስድሳውን ያለፉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። አማርኛ ይችላሉ፤ «ስለ ሞት የምናገረው በራሴ ቋንቋ ነው» ብለው ግን በኦሮምኛ ቃላቸውን ሰጡ። የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ የሚያዘው በአማርኛ ስለነበር እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ እየሰማሁ በአማርኛ እጽፋለሁ። አቶ ፍሬው ከእኔ በስተቀኝ ተቀምጦ መንደሪን ይልጥ ነበር። አንድ ሰው በሞተ በማግስቱ፣ ስለሞቱ እየተነገረ፣ ቃጫውን አንድ በአንድ በጥፍሩ እያነሳ፣ መንደሪኑን እየከፈለ ይበላል። ዘሩን ወረቀቱ ላይ ይተፋና በጣቱ ወደ ጎን ይገፋዋል።

ኦቦ ደበላ መሬት መሬት እያዩ ተናገሩ። «ዘለቀና ማርቆስ ጉድጓዱ አጠገብ ቆመው ነበር። ማርቆስ ፓምፑን ሊያጠፋ ሄደ» አሉ። ቆም አሉ። ቀጥለው «ነምኒ ቶኮ ዹፌ ‹ቡኢ› ኢቲን ጄዼ» አሉ።

ነምኒ ቶኮ። አንድ ሰው። እንዳሉት ጻፍኩ፦ «አንድ ሰው መጥቶ ‹ውረድ› አለው። ዘለቀ ወረደ።»

ማንም «ማን ነው እሱ?» ብሎ አልጠየቃቸውም። እኔም አልጠየቅኩም። ኦቦ ደበላ በአውራ ጣታቸው ፈርመው፣ ቆባቸውን አድርገው ወጡ።

ሐሙስ ጠዋት አቶ ፍሬው ቢሮው አስጠራኝ። ረቂቁ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ሰናይት፣ ጎበዝ ነሽ። ቆንጆ ነው የተረጎምሽው» አለኝ። «እዚች ጋ ብቻ ትንሽ ጎርበጥ ይላል። ‹አንድ ሰው መጥቶ›። ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው ይዞራል እንዴ? ያሳፍረናል። ‹ሰውየው› ብትይው?»

«ትርጉሙ ይቀየራል» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

«ምኑ ነው የሚቀየረው? ሰው ሰው ነው። ስም ጨምሪ አላልኩሽም። የማንንም ስም እንድትጨምሪ አልፈልግም፤ ሐሰት ነው የሚሆነው» አለና ሳቅ አለ። «የአማርኛ ማሳመር ነው። ደግሞ የኮንትራትሽን ነገር ለአስተዳደር ዛሬ እልካለሁ፣ አታስቢ።»

እንግዲህ ልብ በሉ። እዚያ ቢሮ ውስጥ፣ ምናልባትም ሰበታ ከተማ ውስጥ፣ ያች አንዲት ለውጥ ምን እንደምታደርግ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። «ማርቆስ ፓምፑን ሊያጠፋ ሄደ። ሰውየው መጥቶ ‹ውረድ› አለው። ዘለቀ ወረደ።» ታሪኩ ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ የታዘዘው ነው። አዛዡ ማን ሊሆን ነው? የቀረው አንድ ወንበር ላይ ማርቆስ ተቀምጧል።

ይህን ሁሉ አወቅኩ፤ አውቄም ኮምፒውተሬ ላይ ሄጄ «አንድ ሰው» የሚለውን አጥፍቼ «ሰውየው» ብዬ ጻፍኩ። ከታች «ትክክለኛ ትርጉም መሆኑን አረጋግጣለሁ» ከሚለው ሥር ፈረምኩ። ማኅተም ተደርጎበት ከሰዓት በኋላ አማርኛው እንዳለ ለፖሊስ ተላከ።

ለራሴ ያልኩት ትዝ ይለኛል። «ኃላፊው ማርቆስን ለመጉዳት ምን ምክንያት አለው?» አልኩ። ጥያቄው ትክክል ነበር። መልሱን ግን ፈራሁት፤ ስለዚህ ከዚያ በላይ አላሰብኩም።

ዓርብ ሁለት ፖሊሶች መጥተው ማርቆስን ከሥራው ላይ ወሰዱት። በዋናው በር ሲያወጡት ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ ያያል።

«እኔ? እኔ ነኝ ዘለቀን ውረድ ያልኩት?» ይላል ማርቆስ። ጮኾ አይደለም፤ ያልገባውን ነገር እንደሚጠይቅ ሰው ነው። «ማን ነው እንደዚህ ያለው? ፓምፑን ላጠፋ ሄጄ ስመለስ እኮ ወርዶ ነው ያገኘሁት!»

«ኦቦ ደበላ ብለዋል» አለው አንዱ ፖሊስ። «ተጽፏል።»

አቶ ፍሬው ጠጋ ብሎ የማርቆስን ትከሻ ቸብ ቸብ አደረገው። «አይዞህ። እውነቱን ተናግረህ ትወጣለህ» አለው፤ እጁን መልሶ ኪሱ ውስጥ ከተተ። ያ እጅ የእኔን ትከሻ የነካ ያህል ገላዬን ቀፈፈኝ። ከዚያ ግን የራሴን እጅ አየሁ። እሱ ምንም አልጻፈም። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ኦቦ ደበላ ቃላቸውን ከሰጡ ወዲህ ታምሜያለሁ ብለው ሥራ አልገቡም፤ ሱሉልታ ልጃቸው ጋ እንደሄዱ ሰማሁ። ቅዳሜ ጠዋት የፈረምኩበትን ወረቀት ቅጂ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ከቡራዩ ተነሳሁ። ከአዲሱ ገበያ የሱሉልታ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ዳገቱን ስንወጣ ቦርሳዬን ከጭኔ ላይ አውርጄ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት። ወረቀቱ እንዲነካኝ አልፈለግኩም።

የልጃቸው ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ድርቆሽ ከተከመረበት ሜዳ አጠገብ ነው። ወተት ታስረክባለች መሰለኝ ባልዲ እያጠበች ነበር። ኦቦ ደበላ ጋቢ ደርበው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል።

«አከም ጅርቱ፣ ኦቦ?» ብዬ ደህንነታቸውን ጠየቅኳቸው።

«ነጋ፣ ኢንተላ ኮ» አሉ፤ «ሰላም፣ ልጄ» ማለታቸው ነው። ፊታቸው ግን ሰላም አልነበረውም። «ማርቆስን ወሰዱት አሉ። ደበላ ነው የመሰከረበት ይባላል። እኔ ማርቆስን ምን አልኩት?»

ከዚያ በኋላ የተነጋገርነው በኦሮምኛ ነው። ወረቀቱን አውጥቼ አማርኛውን እንዳለ አነበብኩላቸው። «ሰውየው መጥቶ» የሚለው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ። ነሚቺ? ሰውየው?» አሉ። «እኔ ነሚቺ አላልኩም። ነምኒ ቶኮ ነው ያልኩት። ቋንቋዬን አውቃለሁ፣ ልጄ። ነሚቺ ብል ኖሮ ‹የትኛው?› ትይኝ ነበር።»

«አውቃለሁ፣ ኦቦ። እርስዎ በትክክል ነው የተናገሩት። እኔ ነኝ የለወጥኩት።»

ልጃቸው ባልዲውን አስቀምጣ ቀና አለች።

«ያ አንድ ሰው ማን ነበር?» አልኳቸው።

«አሁን ነው የምትጠይቂኝ?»

«አዎ። አሁን ነው።»

«አጠገብሽ ተቀምጦ መንደሪን ሲልጥ የነበረው ነዋ» አሉ።

ሰው «አንድ ሰው» ሲል የማያውቀውን ሰው ማለቱ ላይሆን ይችላል። ይህንንም ጽሑፌ ውስጥ ጽፌዋለሁ፤ ተናጋሪው ማን እንደሆነ በደንብ እያወቀ ለሰሚው ግን ስሙን ሊሰውር ይችላል። ሦስት ገጽ ነው የጻፍኩበት። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ገዳዩ ፊት «አንድ ሰው» ሲሉ ግን ቃሉን ብቻ ነው የሰማሁት። ለምን እንደዚያ እንዳሉ ማየት ያለብኝ እኔ ነበርኩ።

«‹ፓምፑ አሁኑኑ ይነሳ፣ መለኪያ እስኪመጣ ምርት አይቆምም፣ ውረድ› አለው» አሉ ኦቦ ደበላ። «ልጁ ጭምብል ጠየቀ። ‹ሁለት ደቂቃ ነው› አለው። በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

«ለምን ስሙን አልጠሩም ታዲያ?»

ቀና ብለው ዓይኔን አዩኝ። «ብጠራው ኖሮ ትጽፊው ነበር?»

አንዲት «ው» እምቢ ማለት ያቃተኝ ሰው፣ ስሙን ሙሉውን እጽፈው ነበር ብዬ በምን አፌ ልናገር?

በመጨረሻ እንዲህ አሉኝ፦ «መጀመሪያ አንቺ ሂጂ። ያንቺን ፊርማ አንሺ። ከዚያ ይጥሩኝ፣ መጥቼ ስሙን እጠራለሁ። አንቺ ሳትሄጂ ግን እኔ አልንቀሳቀስም። የኔን ቃል አንድ ጊዜ ሰጥቼሽ ምን እንዳደረግሽው አይቻለሁ።»

ልጃቸው በር ድረስ ሸኘችኝ። ወዲያው ተመልሳ ባልዲዋን ማጠቧን ቀጠለች።

ሰኞ በሥራ መግቢያ ሰዓት ፋብሪካ አልሄድኩም፤ ሰበታ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ጉዳዩን የያዘችው ኢንስፔክተር አርባ ዓመት ገደማ የሆናት፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ሴት ነበረች። ሠንጠረዥ የተሰመረበት ትልቅ መዝገብ ላይ እየጻፈች ቀና ሳትል «ምን ነበር?» አለችኝ።

«የኦቦ ደበላን ቃል የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ትርጉሙ ትክክል አይደለም» አልኳት። «ኢንስፔክተር፣ አንዴ ያንብቡልኝና ‹ውረድ› ያለው ማን እንደሆነ ይንገሩኝ።»

ፋይሉን አወጣች፣ አነበበች። «ማርቆስ ነዋ።»

«የቱ ጋ ነው የሚለው?»

«እዚህ…» አለች። እስክሪብቶዋን መስመሩ ላይ አድርጋ ሄደች፣ ተመለሰች። ከላይ ጀምራ እንደገና አነበበች። ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ። «የለም» አለች። «ማርቆስ ነው አይልም። እኔ ግን… ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ እኮ። ማርቆስ ነው የሚለው ብዬ እምል ነበር።»

«ሽማግሌው ‹አንድ ሰው› ነው ያሉት። ሌላ፣ ሦስተኛ ሰው መጣ ማለት ነው። ‹ሰውየው› ሲባል ግን አንባቢው አዲስ ሰው አይፈልግም፤ ቀድሞ ስሙ ከተጠራው ላይ ይለጥፈዋል። እርስዎ አልተሳሳቱም። እንደዚያ እንዲያነቡት ነው የተጻፈው።»

«ማን ለወጠው?»

«እኔ።»

«በሐሰተኛ ትርጉም ልትከሰሺ እንደምትችይ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ከራስሽ ነው? ወይስ ለውጪው ያለሽ ሰው አለ?»

አሁን የምነግራችሁን ነገር ለማንም ነግሬ አላውቅም። ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «አንድ…» የሚል ነበር። አንድ ሰው አዘዘኝ ልል ነበር። እዚያ ድረስ ሄጄ፣ ያን ሁሉ አስረድቼ፣ እኔም አንገቴን ደፍቼ ስሙን ልሰውርለት ነበር። ኦቦ ደበላ የሚፈሩት ነገር ነበራቸው። እኔ ግን ከፋብሪካው ግቢ ውጪ ነኝ፣ እሱም እዚያ የለም፤ ፍርሃቱ ብቻ ልማድ ሆኖ ምላሴ ላይ ቀርቶ ነበር። ቃሉን አቋርጬ እንደገና ጀመርኩ።

«አቶ ፍሬው» አልኩ። የአባቱንም ስም ጨመርኩ። «የምርት ክፍል ኃላፊው ነው።» ምን እንዳለኝ፣ በስንት ሰዓት፣ የት ተቀምጦ እንዳለኝ አንድ በአንድ ተናገርኩ። ስትጽፍ ቆይታ መልሳ አነበበችልኝ። እያንዳንዱን «እሱ» ማን እንደሆነ እየጠየቅኩ በስም አስተካከልኩት። አላስቸኮለችኝም።

ኦቦ ደበላ ረቡዕ ዕለት ከዘራቸውን ይዘው ከሱሉልታ መጡ፤ ስሙንም ጠሩ። ማርቆስ ከታሰረ በስምንተኛው ቀን ተፈታ። እኔ ምስክር ሆንኩ እንጂ አልተከሰስኩም። ፋብሪካው በር ላይ መታወቂያዬን ተቀብለው እንዳልገባ ከለከሉኝ። አቶ ፍሬው በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተከሶ ጥፋተኛ ተባለ። የተፈረደበት ግን ለዘለቀ ዕድሜ ይመጥናል ብዬ አላምንም። ችሎት ላይ የጠበቃው መከራከሪያ «ደንበኛዬ የማንንም ስም በሐሰት አላስጻፈም» የሚል ነበር። እውነቱን ነው። ያንገሸገሸኝም ይኸው ነው። አንዲት የሐሰት ዓረፍተ ነገር ሳይናገር፣ ንጹሕ ሰው እስር ቤት እንዲገባ አደረገ። ከሠራው ሁሉ ደግሞ ትንሹ ይኸ ነበር።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ከመሥሪያ ቤት የወጣ ማንኛውንም ወረቀት ስታነቡ ቆም በሉ። «ችግሩን የፈጠረው ግለሰብ»፣ «ጉድለቱ»፣ «አጥፊው» የሚሉትን ስታገኙ የትኛው ግለሰብ፣ መቼ የተባለ ጉድለት ብላችሁ ጠይቁ። ጽሑፉ አይመልስላችሁ ይሆናል፤ እናንተ ግን ሳታውቁት መልሳችሁለት ይሆናል። እኔ ዛሬ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነኝ። ምስክር «አንድ ሰው» ካለ «አንድ ሰው» እላለሁ፤ ዳኛው ቢቆጣ፣ ጠበቃው ቢስቅ አልለውጠውም። ሰዎች ጥንቁቅ ነች ይሉኛል። ጥንቁቅ ሆኜ አይደለም። ያኔ የፈረመችውን ሴት ስለምጠየፋት ነው፤ አሁንም ውስጤ እንዳለች አውቃለሁ።

ማርቆስ ከተፈታ በኋላ ይቅርታ ልጠይቀው አለም ገና ቤቱ ሄድኩ። የዘለቀን ልብሶች እያጣጠፈ ካርቶን ውስጥ ይከት ነበር። ከቸርች የመጣች አንዲት ሴት ታግዘዋለች። ይቅርታዬን እጁን ሳያቆም ሰማ።

«ለዘለቀ እናት ደውለው ማርቆስ ነው ልጅሽን ያስገባው ብለዋታል» አለ በመጨረሻ። «እጇ ላይ ያደግኩባት ሴት ናት። ስልኬን አታነሳም። አንቺ ንገሪያት።»

«ሀዲይኛ አልችልም። አንተ ትተረጉምልኛለህ?»

ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ከተረጎምኩት የኔ ቃል ነው የሚሆነው» አለ። ልብሱን ማጣጠፉን ቀጠለ። ሴትዮዋ በራሷ ስልክ ደወለች፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ አልጋው ላይ አስቀመጠችው።

ተናገርኩ። ቃሉን የተረጎምኩት እኔ እንደሆንኩ፣ እንደለወጥኩት፣ ማርቆስ ፓምፑን ሊያጠፋ ሄዶ እንደነበርና ዘለቀን ውረድ ያለው እሱ እንዳልሆነ። ሴትዮዋ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ተረጎመችው። ማርቆስ የዘለቀን ሹራብ እጁ ላይ እንዳንጠለጠለ ቆመ።

ከዚያ እናትየው አንድ አጭር ነገር ተናገረች። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረች።

«‹ታዲያ ማን ነው?› ትላለች።»

ስሙን ከነአባቱ ነገርኳት።